የምርምር ግራንት ፍለጋ ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተመራማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮዎች በየጊዜው የሚመጡ ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ በተለየ ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጆች ነው።

ግራንት ምንድን ነው? ከስኮላርሺፕና ከዩኒቨርሲቲው የምርምር በጀት በምን ይለያል?

ግራንት ለአንድ ለተወሰነ ሥራ የሚሰጥ፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ስኮላርሺፕ ለሰው ይሰጣል፤ ሰውየው ሲመረቅ ያበቃል። ግራንት ግን ለሥራው ስለሆነ ውሉን የሚፈርመው አብዛኛውን ጊዜ ዋና ተመራማሪው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ነው። ገንዘቡ በግል ሒሳብ አይገባም፤ ላፕቶፕ እንኳ ቢሆን ግዥው በዩኒቨርሲቲው ግዥ ክፍል በኩል ያልፋል። ይህን ሳያውቁ የሥራ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ጨረታ በመጠበቅ ይጨርሳሉ።

የውስጥ በጀት የሚባለው ዩኒቨርሲቲው ራሱ በውድድር የሚያከፋፍለው ነው፤ ቲማቲክ፣ ሜጋ ወይም አነስተኛ ፕሮጀክት እየተባለ ይጠራል። ፉክክሩ ከውጭው ይቀላል። ችግሩ የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑ ላይ ነው። የክረምት ሰብል ወይም የወባ ወቅት የሚከታተል ሰው ሥራው በሚሞቅበት ሰዓት ሒሳብ ይዘጋበታል። ስለዚህ የመስክ ሥራዎ ሐምሌና ነሐሴን የሚያቋርጥ ከሆነ ነዳጁንና የውሎ አበሉን በሁለት በጀት ዓመት ከፍለው ያቅዱ።

ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

ከጥሪ ዝርዝር አይጀምሩ። ብዙ ሰው ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ጥሪ ያያል፣ ከዚያ ጥሪውን የሚመስል ርዕስ ይፈጥራል። ገምጋሚ ደግሞ ለጥሪው ሲባል የተሰፋ ርዕስን ከመጀመሪያው ገጽ ይለየዋል።

መጀመሪያ አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ጥያቄው ምንድን ነው፣ የት ይሠራል፣ በምን ዘዴ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ወር ይፈጃል፣ ስንት ብር ይጠይቃል። የመጨረሻው ቁጥር የሚንኳኳውን በር ይወስናል። 5 ሺህ፣ 50 ሺህ እና 500 ሺህ ዶላር የሚሰጡት ድርጅቶች የተለያዩ ናቸው፤ የሚጠይቁት ወረቀትም አይገናኝም። ስምንት ሺህ ዶላር የሚበቃው ሰው የአውሮፓ ኅብረትን ትልቅ ጥሪ ሲያሳድድ ዓመቱ ያልቅበታል። ሦስት መቶ ሺህ የሚያስፈልገውም በትንንሽ ግራንት ሲለቃቅም ሥራውን አይጀምርም።

በእኔ ርዕስ ላይ ገንዘብ የሚሰጠው ማን እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ቀድሞ የከፈለውን ይፈልጉ። በርዕስዎ ላይ ባለፉት አምስት ዓመታት የወጡ ሃያ ያህል ጽሑፎችን ይክፈቱና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይሂዱ። "ፈንዲንግ" ወይም "አክኖውሌጅመንት" በሚለው ርዕስ ሥር የገንዘብ ሰጪው ስምና የግራንት ቁጥሩ ተጽፏል። በአራት ዓምድ ሠንጠረዥ ይመዝግቡ፦ ገንዘብ ሰጪ፣ የፕሮግራሙ ስም፣ የግራንት ቁጥር፣ ዋና ተመራማሪ። ሠንጠረዡ ሲሞላ ሦስት አራት ስም ደጋግሞ ይመጣል፤ የእርስዎ ሰዎች እነዚያ ናቸው።

በእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ የሚሠራ መምህርን እንውሰድ። "እንሰት" የሚለውን በእንግሊዝኛ አጻጻፉ የብሪታንያ ምርምር ምክር ቤቶች ባሉበት ጌትዌይ ቱ ሪሰርች ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም የአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክቶች በሚመዘገቡበት ኮርዲስ ላይ ይደግመዋል። የፕሮጀክቱን አጭር መግለጫ፣ የገንዘቡን መጠን፣ የተባባሪ ተቋማቱን ስምና ፕሮጀክቱ የሚያበቃበትን ቀን ያገኛል። የሚያበቃበት ቀን ዋጋ አለው፤ ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረው ቡድን ቀጣዩን ፕሮፖዛል እያሰበ ስለሆነ ተባባሪ ለመቀበል ጆሮው ክፍት ነው። ቃሉን በሁሉም አጻጻፍ መሞከር ግን ግድ ነው። "እንሰት"፣ በላቲን ሳይንሳዊ ስሙ፣ "ሐሰተኛ ሙዝ" በሚለው የእንግሊዝኛ ልማድ፣ እንዲሁም በባክቴሪያው ስም ይፈልጉ፤ አንዱ ያላመጣውን ሌላው ያመጣል።

ጤና ላይ ለሚሠራ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) የፕሮጀክት ቋት የሆነው ኤንአይኤች ሪፖርተር ዋናው ነው። እዚያ ላይ አገር ብለው ኢትዮጵያን ቢመርጡ የሚወጣው በቀጥታ ለኢትዮጵያ ተቋም የተሰጠው ብቻ ነው። አብዛኛው ገንዘብ ሲመጣ የቆየው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል በንዑስ ውል ስለሆነ፣ "ኢትዮጵያ" የሚለውን ቃል በመግለጫው ጽሑፍ ውስጥ ጭምር ይፈልጉ። ውጤቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

አዳዲስ ጥሪዎችን በየጊዜው የት አገኛለሁ?

የሚከፈልባቸውን የፍለጋ ቋቶች ዩኒቨርሲቲዎ ገዝቶ እንደሆነ ቤተ መጻሕፍቱን ይጠይቁ። ካልገዛ አይጨነቁ፤ ዋናዎቹ ምንጮች ነፃ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች በሙሉ በፈንዲንግ ኤንድ ቴንደርስ ፖርታል ላይ ይወጣሉ፤ የአሜሪካ ፌዴራል ጥሪዎች በግራንትስ ዶት ገቭ፤ የብሪታንያዎቹ በዩኬአርአይ ፈንዲንግ ፋይንደር። ለአፍሪካ ናይሮቢ ያለውን ሳይንስ ፎር አፍሪካ ፋውንዴሽን፣ ለግብርና ካምፓላ ያለውን ሩፎረም፣ ለኢኮኖሚክስ ናይሮቢ ያለውን ኤኢአርሲ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ ዳካር ያለውን ኮዴስሪያ እና መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነውን ኦስሪያን ይከታተሉ።

ለዚህ ብቻ የሚሆን ሌላ የኢሜይል አድራሻ ይክፈቱና የእያንዳንዱን ድርጅት ማስታወቂያ በዚያ ይቀበሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የራስዎ ካላንደር ነው። ብዙ ጥሪዎች በየዓመቱ በተቀራራቢ ወር ይደጋገማሉ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የመክፈቻና የመዝጊያ ቀን ከጻፉ ጥሪው ሳይወጣ ፕሮፖዛሉ ግማሽ ይደርሳል። ጥሪ ከወጣ በኋላ ያለው ስድስት ሰባት ሳምንት ለፊርማ እንጂ ለማሰቢያ አይበቃም።

ፒኤችዲዬን በቅርቡ ጨርሻለሁ። ለጀማሪ የሚሆን የትኛው ነው?

በተፈጥሮ ሳይንስና ምሕንድስና ውስጥ ከሆኑ ጣሊያን ትሪዬስቴ የሚገኘውን የታዳጊ አገሮች ሳይንስ አካዳሚ ቲዋስን ይመልከቱ። በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ለአዲስ አፍሪካውያን ዋና ተመራማሪዎች የተዘጋጀ መነሻ ግራንት አለው፤ ከዚህ ቀደም በወጡ ጥሪዎች ጣሪያው 67,700 ዶላር ነበር። ውጭ ተምረው በቅርብ ለተመለሱ ወይም ሊመለሱ ላሉ ወጣቶች የታሰበ ስለሆነ ከተመለሱ በኋላ ዓመታት ከቆጠሩ በሩ ይዘጋል። ለሴት ተመራማሪዎች እዚያው ትሪዬስቴ ያለው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ኦደብልዩኤስዲ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የጀማሪ ተመራማሪ ፌሎሺፕ ይሰጣል። ይህን ዕድል የማታውቅ ዶክተር በየዲፓርትመንቱ አለች።

ሐሩር በሽታ ላይ ከሆነ የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ትሮፒካል ሜዲሲን ኤንድ ሃይጂን እስከ 5,000 ፓውንድ ለአንድ ዓመት ይሰጣል። መጠኑን አይናቁት። ትንሽ ግራንት በጊዜው ጨርሶ፣ ሒሳቡን አወራርዶ፣ አንድ ጽሑፍ ያሳተመ ሰው በቀጣዩ ማመልከቻ ላይ "ገንዘብ አስተዳድሬ አውቃለሁ" የሚልበት ማስረጃ ይዟል።

ገና የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። በስሜ ማመልከት እችላለሁ?

በጥቂት ቦታ ይቻላል፤ በተለይ በዱር እንስሳትና በአካባቢ ጥበቃ። ሩፎርድ ፋውንዴሽን በታዳጊ አገሮች ለሚሠሩ ወጣቶች በደረጃ የሚያድግ ግራንት አለው፤ በመጀመሪያው ጥቂት ሺህ ፓውንድ ይሰጣል፣ በደንብ የጨረሰ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ሦስት ዋቢ ሰዎች ይጠይቃል፤ ማመልከቻ የሚወድቀው ዋቢዎቹ በጊዜ ሳይመልሱ ሲቀሩ ነውና ቀድመው ደውለው ያስፈቅዱ። የሙሐመድ ቢን ዛይድ የዝርያዎች ጥበቃ ፈንድ ደግሞ እስከ 25,000 ዶላር ይሰጣል፤ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ ወይም አንድ ብርቅዬ እንቁራሪት ላይ የሚሠራ ሰው የሚሄድበት ነው።

በሌላው መስክ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በአማካሪው ግራንት ውስጥ ነው። ርዕስ ከመምረጥዎ በፊት አማካሪዎ የያዙት ፕሮጀክት ካለና ለተማሪ የተያዘ በጀት ካለው ይጠይቋቸው። ነውር የለውም።

ለታሪክ፣ ለቋንቋና ለባህል ጥናት የሚሰጥ አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው ስለማይፈልገው ነው የሌለ የሚመስለው። የብሪቲሽ ላይብረሪው ኢንደንጀርድ አርካይቭስ ፕሮግራም ከ2004 ጀምሮ በአደጋ ላይ ያሉ ጽሑፎችን በፎቶ ለመሰነድ ገንዘብ ይሰጣል፤ የብራና መጻሕፍት ያሉበት ገዳምና ደብር ሁሉ ለዚህ ይመጥናል። ዋናው ቅጂ ከአገር እንዳይወጣ ፕሮግራሙ ራሱ ይደነግጋል፤ ይህን ለደብሩ አስተዳዳሪና ለምእመኑ አስቀድሞ ማስረዳት ግማሹ ሥራ ነው። ለመጥፋት የተቃረቡ ቋንቋዎችን ለመሰነድ ኢኤልዲፒ አለ፤ ከለንደን ወደ በርሊን ተዛውሯል። ለአንትሮፖሎጂ ዌነር ግሬን ፋውንዴሽን ይታያል።

በአዲስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነኝ። የሦስተኛና የአራተኛ ትውልድ ዩኒቨርሲቲ ከአንደኛ ትውልዶቹ ጋር መወዳደር ይችላል?

በላቦራቶሪና በስም አይችልም። በቦታ ግን ይችላል። ገንዘብ ሰጪ የሚፈልገው ጥያቄው ያለበትን ቦታ የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ ከወረዳው ጋር የሚሠራ ቡድን ነው። በቆላው፣ በአርብቶ አደሩ አካባቢ ወይም በድንበር ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ይህ አለው። የቡታጅራ፣ የጊልገል ጊቤ፣ የዳባትና የቀርሳ የጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያዎች ዓለም አቀፍ ተባባሪዎችን የሳቡት በሕንፃቸው አይደለም፤ ለዓመታት ተከታትለው በያዙት መረጃ ነው።

የሚያዋጣው መንገድ ትልልቆቹን በተባባሪነት ማስገባት ነው፤ ምርመራው በእነሱ ላቦራቶሪ፣ መስኩ በእርስዎ። በዚህ ጊዜ የበጀት ድርሻውን ከፕሮፖዛሉ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። "መረጃ ሰብሳቢ" ሆነው ገብተው በጽሑፉ ላይ ስምዎ ሳይኖር እንዳይቀር፣ ማን ምን እንደሚጽፍና የማን ስም በየትኛው ተራ እንደሚገባም አብሮ ይጻፍ።

ብቻዬን ላመልክት ወይስ ከውጭ ተባባሪ ጋር?

ጥሪው ይወስናል። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም በሆነው በሆራይዘን ዩሮፕ፣ በተለመደው የትብብር ጥሪ ቢያንስ ሦስት ተቋማት ከሦስት የተለያዩ አገሮች መኖር አለባቸው፤ አንዱ ከኅብረቱ አባል አገር፣ ሁለቱ ከአባል ወይም ከፕሮግራሙ ጋር በስምምነት ከተጎዳኙ አገሮች። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ሦስቱ አይቆጠርም፤ በተጨማሪነት ይገባል። ኢትዮጵያ ግን ገንዘብ ከሚከፈላቸው ዝቅተኛ ገቢ አገሮች መካከል ስለሆነች ዩኒቨርሲቲው እንደማንኛውም ተባባሪ የራሱን በጀት ይዞ ይሳተፋል። የዩኒቨርሲቲ ትብብርን የሚደግፉት የቤልጂየሙ ቪሊር ዩኦኤስና የኖርዌዩ ኖርሄድም ከእነዚያ አገሮች ተቋም ጋር ካልሆነ አይሆንም፤ ጅማ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ ከፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ረጅም ፕሮግራም የነበራቸው በዚህ መንገድ ነው።

ተባባሪ ሲፈልጉ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ጥሩ መግቢያ ናቸው፤ ግን እነሱም በየሳምንቱ "አብረን እንሥራ" የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። የሚነበበው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ነው፦ የእሳቸውን አንድ ጽሑፍ ጠቅሶ፣ እርስዎ ያለዎትን ነገር ይናገራል። "አራት ወረዳ ውስጥ የ600 አባወራ የሁለት ዙር መረጃ አለን፣ ሦስተኛው ዙር ገንዘብ ይጠብቃል" የሚል ዓረፍተ ነገር ከሁለት ገጽ ሲቪ ይበልጣል።

የትኛውን ምዝገባ አስቀድሜ መጨረስ አለብኝ?

የግል የሆነው ኦርኪድ ነው፤ ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ፣ ነፃ፣ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ። ስምዎ በአንድ ጽሑፍ ላይ ከአባትዎ ጋር፣ በሌላው ላይ በአያትዎ ስም ወጥቶ ከሆነ ኦርኪድ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። የእኛ ስም አጠራር ከፈረንጅ ቅጽ ጋር ስለማይገጥም ይህ ተራ ነገር አይደለም።

የተቋሙ ምዝገባ ነው የሚያዘገየው። ለአውሮፓ ኅብረት ፒክ የተባለ ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ አለው፣ ስለዚህ አዲስ ከመክፈትዎ በፊት በፖርታሉ ላይ ይፈልጉ። ለአሜሪካ ፌዴራል ገንዘብ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ኤንኬጅ የተባለው ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተቋማት የሚሰጥ መለያ ኮድ፣ ቀጥሎ በአሜሪካ መንግሥት የተቋማት መዝገብ ሳም ዶት ገቭ ላይ ተመዝግቦ ዩኢአይ የተባለው የተቋም መለያ ቁጥር፣ ከዚያ ግራንትስ ዶት ገቭና ለጤና ምርምር የኤንአይኤች ሥርዓት የሆነው ኢአርኤ ኮመንስ። ዩኢአይ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ የቀድሞውን ደንስ ቁጥር ተክቷል። ኤንአይኤች ራሱ ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ ይላል። የሳም ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሳይታደስ ያለፈበት ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ማስገባት አይችልም።

እዚህ ላይ የሚሰናከሉት በስምና በአድራሻ ነው። በኤንኬጅና በሳም ላይ የተጻፈው የተቋሙ ስምና አድራሻ ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። በአንዱ "ጎንደር ዩኒቨርሲቲ"፣ በሌላው "ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር" ቢባል ለእኛ አንድ ነው፤ ለሥርዓቱ ግን ሁለት ተቋም ነው። አድራሻው ላይ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ አይቀበልም፤ የመንገድ አድራሻ ይፈልጋል። ስም የሌለው መንገድ ላይ ያለ ግቢ ቀበሌውንና ግቢውን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ወስኖ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቅጽ ላይ ያንኑ ይጠቀም።

የአሜሪካ ገንዘብ አሁንም አለ?

በከፊል። ዩኤስኤአይዲ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የውጭ እርዳታ ፕሮግራሞቹን ማስኬድ አቁሟል፤ በእሱ ገንዘብ ይመጡ የነበሩ የምርምር ጥሪዎችን ከዝርዝርዎ ያውጡ። አሮጌ ዝርዝሮች አሁንም ይጠቅሷቸዋል። ኤንአይኤች በግንቦት 2025 ለውጭ ተቋማት የሚሄደውን የንዑስ ውል አሠራር እንደሚለውጥ አስታውቋል፤ ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ፕሮፌሰር "በንዑስ ውል አስገባችኋለሁ" ቢሉ ከዩኒቨርሲቲያቸው የስፖንሰርድ ፕሮግራም ቢሮ ማረጋገጫ እንዲያመጡ በትሕትና ይጠይቁ።

ጥሪውን ሳነብ መጀመሪያ የማየው ምኑን ነው?

ብቁነቱን። ሌላውን ሁሉ ከማንበብዎ በፊት አምስት ነገር ይፈልጉ፦ የአመልካቹ አገር፣ የተቋሙ ዓይነት፣ ፒኤችዲ ከተያዘ ስንት ዓመት፣ የገንዘቡ ጣሪያ፣ የማብቂያ ቀን። አንዱ ካልገጠመ ያቁሙ። "ምናልባት ይታለፍልኛል" የሚባል ነገር የለም፤ ብቁነትን የሚያየው ሳይንቲስት ሳይሆን ቅጽ የሚቆጥር ሠራተኛ ነው። ፒኤችዲ የተያዘበት ቀን የመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ (ዲፌንስ) ቀን ይሁን የምረቃው፣ ጥሪው ምን እንደሚል ልብ ይበሉ፤ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በሁለቱ መካከል ወራት ያልፋሉ። የወሊድ ፈቃድ ከዓመቱ የሚቀነስበት ጥሪም ብዙ ነው።

ቀጥሎ የግምገማ መስፈርቱን ከነነጥቡ ያውጡና የፕሮፖዛሉን ንዑስ ርዕሶች በእሱ ቅደም ተከተል ያድርጉ። ገምጋሚው ነጥብ የሚሰጥበትን ነገር ፍለጋ ገጽ እንዲገላብጥ አያድርጉት።

የማብቂያው ሰዓት በኢትዮጵያ ስንት ሰዓት ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሦስት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ፖርታል ማብቂያው አብዛኛውን ጊዜ በብራስልስ 17፡00 ነው፤ ይህ በእነሱ በጋ በእኛ ምሽት 12 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ምሽት 1 ሰዓት ይሆናል። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ እነሱ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀይራሉ። ኤንአይኤች በአመልካቹ ተቋም ሰዓት ስለሚቆጥር ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። "23፡59 ጂኤምቲ" ከተባለ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው የቀኑ አጻጻፍ ነው። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ 03/09 ለእነሱ ማርች 9 ነው፣ ለአውሮፓ ሴፕቴምበር 3። ሦስተኛው የራሳችን ካላንደር ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ማብቂያ በ2024 ሴፕቴምበር 11 ነበር፤ እንቁጣጣሽ ቀን። በ2025 ሴፕቴምበር 10፣ ማለትም ጳጉሜን 5። በዚያ ሳምንት የፕሬዚዳንት ፊርማ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ሰው ቢሮ ዝግ ያገኛል። ፊርማ የሚያስፈልገው ወረቀት ነሐሴ 20 አካባቢ ይለቅ፤ ማመልከቻውም ከማብቂያው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ይግባ። መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋበት ምክንያት ለገንዘብ ሰጪው ሰበብ አይሆንም።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ከማመልከቴ በፊት ያስፈልጋል?

አብዛኛው ገንዘብ ሰጪ ሲያመለክቱ ዕቅዱን፣ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ፈቃዱን ይጠይቃል። ስለዚህ ቀድመው አይጨርሱት፤ ግን የሚፈጀውን ጊዜ በሥራ ዕቅዱ የመጀመሪያ ወራት ያስገቡ። ክሊኒካል ትራያል ከሆነ ከተቋሙ ኮሚቴ በላይ ብሔራዊውን የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ያስቡ።

ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ነገሩ ይረዝማል። የዕፅዋት፣ የእንስሳትና የረቂቅ ሕዋስ ዘረመል በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም ሥር ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ጤፍ ወይም ቡና ላይ "ዲኤንኤውን ጀርመን እናነባለን" ብሎ የጻፈ ፕሮፖዛል ይህን ካልጠቀሰ ጠንቃቃ ገምጋሚ ይይዘዋል። ከሰዎች የሚሰበሰብ መረጃ ከአገር ሲወጣም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም አለ፤ የመረጃ አያያዝ ዕቅድዎ ላይ ስሙን ይጥሩት።

ኦቨርሄድ ስንት ላድርግ?

ኦቨርሄድ ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር ወጪው ከግራንቱ የሚወስደው ድርሻ ነው። ሁለት ቁጥር አለ፤ ገንዘብ ሰጪው የሚፈቅደውና ዩኒቨርሲቲዎ የሚጠይቀው። ሆራይዘን ዩሮፕ በቀጥተኛ ወጪ ላይ 25 በመቶ ያሰላል። ጌትስ ፋውንዴሽን ለዩኒቨርሲቲዎች እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳል። ኤንአይኤች ለውጭ ተቋማት በተለምዶ 8 በመቶ ይሰጣል። አንዳንድ ትንንሽ ፈንዶች ምንም አይሰጡም። የዩኒቨርሲቲዎ መመሪያ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ልዩነቱ ከየት እንደሚሸፈን ከማመልከትዎ በፊት ከምርምር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ በጽሑፍ ያግኙ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚነሳ የኦቨርሄድ ክርክር ፕሮጀክቱን ከማንኛውም ነገር በላይ ያጓትታል።

ጥሪው እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ ጥሪ ግራንት አይደለም። "ተመርጠዋል፣ የማስተላለፊያ ክፍያ ይላኩ" ካለም ሌባ ነው። አድራሻው የጂሜይል ከሆነ፣ ከዚህ በፊት የደገፋቸው ፕሮጀክቶች ዝርዝር ካልተገኘ፣ የገንዘቡ መጠን ከተጠየቀው ወረቀት ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ይተዉት። ጥሪውን ቴሌግራም ላይ ቢያዩትም ከራሱ ከድርጅቱ ድረ ገጽ እስኪያገኙት ድረስ አይጻፉለት።

በጀቱን በብር ላስላ ወይስ በውጭ ምንዛሪ?

በሁለቱም። በብር የሚከፈለውን፣ ማለትም የውሎ አበል፣ ነዳጅ፣ የመረጃ ሰብሳቢ ክፍያና ኅትመትን በብር ያስሉና ይቀይሩ። ሪኤጀንት፣ መሣሪያና የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ማንበቢያን በዶላር ወይም በዩሮ ፕሮፎርማ ይያዙ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። በዶላር ግራንት የነበራቸው ፕሮጀክቶች የብር ወጪያቸው በዶላር ሲሰላ ቀነሰ፣ ገንዘብም ተረፋቸው፤ በብር የውስጥ በጀት ኪት ሊገዙ የነበሩት ደግሞ ግማሹን እንኳ መግዛት አቃታቸው። የተረፈው ገንዘብ ደግሞ የእርስዎ አይደለም፤ ወደ ሌላ መደብ ለማዛወር ገንዘብ ሰጪውን ማስፈቀድ ይጠይቃል።

ሪፖርቱን የሚቀይሩበት ተመንም በውሉ ተወስኗል። ለአውሮፓ ኅብረት ብርን ወደ ዩሮ የሚቀይሩት ባንክዎ በሰጠው ተመን አይደለም፤ ኮሚሽኑ በየወሩ በሚያወጣው ኢንፎርዩሮ በተባለው የሒሳብ ተመን የሪፖርት ዘመኑ አማካይ ነው። የፋይናንስ ባለሙያዎ ይህን ሳያውቅ በባንክ ተመን ካወራረደ ሪፖርቱ ተመልሶ ይመጣል። ተጨማሪ እሴት ታክስና ቀረጥን አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ አይከፍልም፤ 15 በመቶው ከየት እንደሚመጣ መሣሪያው ቦሌ ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት ይታወቅ።

ውድቅ ተደረገብኝ። ያንኑ ፕሮፖዛል ሌላ ቦታ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ማስገባት እችላለሁ?

ሁለት ቦታ ማስገባት በአብዛኛው አይከለከልም፤ የሚከለከለው ለአንድ ወጪ ከሁለት ቦታ መቀበል ነው። "ሌላ በመጠባበቅ ላይ ያለ ማመልከቻ" የሚለውን ሣጥን ባዶ አይተዉ። ሁለቱም ከተፈቀዱ ለሁለቱም ወዲያው ይጻፉና ሥራውን ይከፋፍሉ፤ አንዱ መስኩን፣ ሌላው የላብ ትንታኔውን እንዲሸፍን። ገንዘብ ሰጪዎች ይህን በደስታ ያያሉ፤ ተደብቆ ሲያገኙት ግን ዩኒቨርሲቲውንም ይጎዳል።

ለተመሳሳይ ጥሪ እንደገና ለማስገባት ደንቡን ይዩ። ኤንአይኤች በ37 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ አሻሽሎ ማስገባት ይፈቅዳል፤ የገምጋሚዎቹን ሐሳብ የሚመልስ አንድ ገጽም ይጠይቃል። የማሪ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ላይ በ2025 ጥሪ ደንብ ከ70 በመቶ በታች ያገኘ ማመልከቻ ከዚያው አስተናጋጅ ተቋም ጋር በቀጣዩ ዓመት አይገባም ነበር፤ ተቋሙን መቀየር ወይም አንድ ዓመት መጠበቅ ነበር። የግምገማውን አስተያየት በደረሰበት ቀን አይመልሱለት። ከሳምንት በኋላ ያንብቡት፣ ሦስቱም ገምጋሚዎች የተናገሩትን ለይተው ያስምሩበት፣ መጀመሪያ የሚታረመው እሱ ነው።